የእማሆይ ነጭ ወይን

ባለፈው ጥር ቡሬ ላይ የእህቴን ልጅ ስንድር፣ አጠገቤ የተቀመጠ ሄኖክ የሚባል ወጣት ነጭ ወይን ቀዳልኝ። በሠርግ ላይ ከጠላ ሌላ የምነካው የለኝም፤ ብርጭቆውን የተቀበልኩት ለይሉኝታ ነበር። ወደ አፌ ሳስጠጋው ግን እጄ መንገድ ላይ ቆመ። የብርቱካን አበባ ሸተተኝ። ከእሱ ሥር እሸት ድንብላል በጣት ሲታሽ የሚሰጠው ሽታ፣ ከሁሉም ሥር ደግሞ ማር። አርባ ዓመት ግድም ያልሸተተኝ ነገር ነው። ሳላስበው ብድግ አልኩ።

«ጋሼ ስማቸው፣ ምነው? ተበላሽቷል እንዴ?» አለኝ ሄኖክ።

«አልተበላሸም። ምን የሚሉት ወይን ነው?»

ጠርሙሱን አዙሮ አነበበ። «ሙስካት ይላል። ከወይን ዘር ሁሉ ያረጀ ነው ይባላል።» ልጁ የግብርና ባለሙያ ነው፤ ስለ ተክል ከተነሣ ማቆሚያ የለውም። «እኛም እኮ እዚህ ሞክረነው ነበር። መመሪያው በየካቲት ከርክሙ ይላል፣ ከረከምን። ፍሬው ክረምት ላይ ደርሶ ሻገተብን። ይህ አገር ለወይን አይሆንም ብለን ተውነው።»

«በጥቅምት ነው» የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ያን ካልኩ «ማን አስተማረዎት?» ማለቱ አይቀርም፤ ለዚያ ጥያቄ ደግሞ እውነተኛውን መልስ ለማንም ሰጥቼ አላውቅም። ብርጭቆውን እንደሞላ አስቀምጬ ወጣሁ። ድንኳኑን ሦስት ጊዜ ዞርኩት። ከውስጥ ከበሮው ይመታል፣ ሴቶቹ እልል ይላሉ፣ እኔ የድንኳኑን ካስማ እየቆጠርኩ እዞራለሁ።

ያን ሽታ ሳውቀው፣ ከአርባ ዓመት በፊት፣ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ሥራዬ ፍኖተ ሰላም የችግኝ ጣቢያ። ጥቁር ፕላስቲክ ከረጢት አፈር እየሞሉ የባሕር ዛፍና የጽድ ዘር መዝራት ነው። ሦስት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ ፍግ፣ አንድ እጅ አሸዋ። ሌሎቹ በአካፋ በግምት ይቀላቅላሉ፣ እኔ በቆርቆሮ እሰፍር ነበር። ስለዚህ ስሜ ቀርቶ «ሚዛኑ» ሆንኩ። «ሚዛኑ መጣ፣ አፈሩን ደብቁ!» ይሉኛል። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ የቀረውን ከተገኘው ወረቀት ሁሉ የለቀምኩ ሰው ነኝና መሳሳት ያስፈራኝ ነበር። የተማረ ሰው ቢሳሳት ተሳሳተ ይባላል፣ እኔ ብሳሳት ግን «ድሮስ ምን ያውቃል» ነው የምባለው።

ከተማዋ ከመንገዱ ግራና ቀኝ የተሰለፈች ነበረች። አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ባለው በረንዳ ልብስ ሰፊዎች ይደረደራሉ፤ የመኪናቸው ድምፅ ዝናብ በቆርቆሮ ላይ የሚመታ ይመስላል። የዘመኑ ጎረምሳ ሱሪ ከጉልበት በታች እንደ ጃንጥላ ይሰፋል፤ የመንገዱን አቧራ የሚጠርገው እሱ ነው። እኔ የተጣፈ ካኪና የኮንጎ ጫማ ነበረኝ፤ ፀሐይ ሲበረታ ፕላስቲኩ ከእግሬ ጋር ይጣበቃል። ማዕዘኑ ላይ ያለችው ሻይ ቤት ሻይ በአሥር ሳንቲም ትሸጥ ነበር። ስኳር በቀበሌ ስለሚታደል የሚጠፋበት ሰሞን ብዙ ነው፤ ያኔ ከረሜላ ጉንጫችን ሥር ወሽቀን ሻዩን በላዩ እናንቆረቁርበታለን። ሬዲዮኑ የሰልፍ መዝሙር ሲያቆም አንዳንዴ አንዲት ሴት በክራር ታዜም ነበር። ስለ ማን እንደምታዜም ባላውቅም በዘፈነች ቁጥር ተነሥቼ ወደ መንገዱ እወጣለሁ። እስከ ዛሬ ልቤን የነካኝን ነገር ተቀምጬ መስማት አይሆንልኝም።

እዚያው ገበያ አንዲት ሴት በርበሬ የጠቀለለችልኝ ወረቀት ነው የነገሩ መነሻ። የፈረንጅ መጽሐፍ ቅዳጅ ነው። የወይን ሐረግ፣ መቀስ፣ የተቆረጠ ቅርንጫፍ ተሥሎበታል። ተመልሼ የቀረውን ለመንኳት፤ ስድስት ቅጠል ሰጠችኝ። ከነዚያ በአንዱ ላይ እንደ ጋሪ እግር ያለ ክብ ተሥሏል። ክቡ አሥራ ሁለት ቦታ ተከፍሏል፣ ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት ቁጥር ተሰጥቶታል፣ ሁለተኛዋ ቁራጭ ላይ መቀስ ተቀምጧል። የወር ስም የለበትም። አንድ መስከረም፣ ሁለት ጥቅምት ብዬ ቆጠርኩ። ሌላ ምን ብዬ ልቆጥር? ወር ከመስከረም በቀር ከየት ሊጀምር ይችላል? አሥራ ሦስተኛዋን ጳጉሜንን ፈለግኩ፣ የለችም። ትንሽ ከነከነኝና አለፍኩት። አፈር በቆርቆሮ የምሰፍረው ሰውዬ አንዲት ሙሉ ወር ስትጎድል አለፍኩት።

በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ቄስ ይርሳው የሚባሉ ካህን ከቡሬ ወዲያ ካለ ገጠር ወደ ጣቢያው መጡ። ጥምጥማቸው በአቧራ ቡናማ ሆኗል። ችግኝ የፈለጉ መስሎን ነበር።

«ስለ ወይን የሚያውቅ ሰው አላችሁ?» አሉ።

«ሚዛኑ አለ! የበርበሬ መጠቅለያ አንብቧል» ብለው ጓደኞቼ ሳቁ።

ካህኑ አልሳቁም። ዘቢብ ጠፍቷል አሉኝ። መንገዱ በጦርነቱ ስለተዘጋጋ ዘቢብ እንደ ድሮው አይመጣም፤ ለቁርባን የሚሆነውን ደግሞ ከደረቅ ዘቢብ በቀር በሌላ ማዘጋጀት አይቻልም። «በማሰሮ የቀረችኝ እስከ ፋሲካ ብትደርስ ነው። ከዚያ በኋላ ቅዳሴው ይታጎላል። እኔ እያለሁ ይህ ደብር ቅዳሴ ታጉሎበት አያውቅም፣ ልጄ።» ከደብሩ አጠገብ፣ በአንዲት መነኩሲት ጓሮ፣ ከጣና ገዳማት ከአንዱ በአያት ቅድመ አያት ጊዜ የመጣች የሚሏት ነጭ ወይን አለች። በየዓመቱ ታፈራለች፤ ነገር ግን ነሐሴ ላይ ልትበስል ስትል ዝናቡ ያሻግታታል። ደርቃ ዘቢብ ሆና አታውቅም።

በማግሥቱ በአውቶቡስ እስከ ቡሬ፣ ከዚያ በእግር ሁለት ሰዓት ሄድን። ወይኗ አንድ ትልቅ ዋንዛ ላይ ወጥታ ዛፉን ከእግር እስከ ራሱ ለብሳዋለች። ግንዷ እንደ ሰው ጭን ይወፍራል። ባለቤቷ እማሆይ ወለተ ሐና ቁመታቸው አጭር፣ ቆባቸው ወደ አንድ ጎን ያዘመመ፣ የአዊ ተወላጅ ናቸው። ከእኛ ጋር በአማርኛ ያወራሉ፣ ከወይኗ ጋር ግን በአዊኛ።

«ምን እያሏት ነው?» ብዬ ቄስ ይርሳውን ጠየቅኋቸው።

«ስድብ ነው፣ አትጠይቅ።»

እዚያው ሳለን የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ ፈንታሁን የመለኪያ ገመድ ይዞ ደረሰ። የመንደር ምሥረታው ሰሞን ነው። ተራርቆ የሚኖረው ገበሬ ሁሉ ቤቱን አፍርሶ መንገድ ዳር በገመድ በተለካ መስመር ላይ እንዲሠራ ታዟል። የእማሆይ ጓሮ ለማኅበሩ የበቆሎ ማሳ ተመድቧል፤ ዋንዛውም ወይኗም ሊቆረጡ ነው።

«የክርስትና ልጄ ነህ እኮ አንተ» አሉት እማሆይ። «ስትጠመቅ ያለቀስከው ልቅሶ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። አሁን እኔን ልታስለቅስ መጣህ?»

«እማሆይ፣ እኔ ምን ላድርግ? ከላይ ያሉት የሚጠይቁኝ ምርት ነው። ወይኗ ፍሬ ብትሰጥ የምርት ተክል ናት ብዬ እጽፍላት ነበር። የሻገተ ነገር ምን ብዬ ልጻፈው?»

«ብታፈራስ?» አልኩት። አፌ እንዴት እንደተከፈተ አላውቅም።

ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። «ማነው ይኼ ደግሞ?»

«ባለሙያ ነው» አሉ ቄስ ይርሳው።

«እንግዲያው ለፋሲካ የበሰለ ፍሬ አሳየኝ። ካላየሁ በማግሥቱ መጥረቢያ አመጣለሁ።» እንዲህ ሆኖ ቀረ። የእማሆይ ወይን፣ የደብሩ ቅዳሴ፣ ሁሉም በእኔ ስድስት ቅጠል ወረቀት ላይ ተንጠለጠለ።

በጥቅምት ሁለተኛው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መቀስና መጋዝ ይዤ ዋንዛው ላይ ወጣሁ። ሥዕሉ እንደሚለው ያለፈው ዓመት ቅርንጫፍ ሁሉ ተቆርጦ ከሥሩ ሁለት ዓይን ብቻ ይቀራል፤ ዓይን የምለው አዲስ ቅርንጫፍ የሚወጣባትን እብጠት ነው። ሁለት፣ ሦስት አይደለም። እየቆጠርኩ ቆረጥኩ። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ መሬቱ በሐረግ ተሞልቶ ዋንዛው ራቁቱን ቆመ። ከተቆረጠው ሁሉ ውኃ ይንጠባጠብ ጀመር።

እማሆይ ከሥር ቆመው ጠብታው ቆባቸው ላይ ይወርዳል። «እያለቀሰች ነው። ምን አደረግሃት?»

«እንዲህ ነው የሚደረገው፣ እማሆይ።»

«ማን አለ?»

«መጽሐፉ።»

ቄስ ይርሳው ለሚቀጥለው ዓመት እንዲያስታውሳቸው ክቡን ሣልልኝ አሉኝ። በማስመሪያና በሳህን ጠርዝ አስተካክዬ ሣልኩት፤ ቁጥሮቹን በግዕዝ ጻፍኩ፣ መቀሱንም በቦታው። ወረቀቱን ወደ ብርሃን ይዘው ቆጠሩ። «ጳጉሜንስ?»

«ፈረንጅ አይቆጥራትም።»

«ታዲያ አምስቱን ቀን የት ይጥለዋል?» አሉና ሳቁ። ወረቀቱን ወስደው ቤተልሔሙ ግድግዳ ላይ ለጠፉት፤ የቁርባኑ ኅብስትና ወይን የሚዘጋጅበት፣ እንደኔ ያለ ምእመን የማይገባበት ቤት ነው።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ፍኖተ ሰላም አንድ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ላደርስ ገባሁ። ግድግዳው ላይ የፈረንጅና የእኛ ወር ጎን ለጎን የታተመበት የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል። ወረፋ እየጠበቅኩ አፈጠጥኩበት። የፈረንጅ አንደኛው ወር የእኛ ጥር ግድም ነው። ሁለተኛው የካቲት ነው። የካቲት የሚቆረጠውን ጥቅምት ቆርጬዋለሁ፤ አራት ወር ሙሉ ስቻለሁ። ደብዳቤውን ለማን እንደሰጠሁት አላስታውስም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁጭ ማለት አቃተኝ። ምሳዬን ቆሜ በላሁ። አፈሩን ስሰፍር ሁለተኛው ቆርቆሮ ላይ ቁጥሩ ይጠፋብኛል፣ ደፍቼ እንደገና እጀምራለሁ። «ሚዛኑ ተሰበረ» አሉኝ።

እሑድ እውነቱን ልናገር ቆርጬ ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ ቃሉን ሳሰናዳ ነበር። «እማሆይ፣ ተሳስቻለሁ፣ ወይንዎን ገድያታለሁ» ልል። ስደርስ እማሆይ ከምንጭ በእንስራ ያመጡትን ውኃ ሥሯ ላይ ያፈስሳሉ። በጣታቸው ወደ ላይ አመለከቱኝ። ከእያንዳንዱ ዓይን የአይጥ ጆሮ የሚያህል ቅጠል ወጥቷል፤ ጠርዙ ሐምራዊ፣ ሆዱ ነጭ ጸጉር የለበሰ።

«ሰደብኳት፣ ሰማች» አሉኝ። ከዚያ ፊቴን አዩና «አንተን ደግሞ ምን ነካህ? የሞተ ሰው መሰልክ እኮ።»

«ደክሞኝ ነው» አልኩ። ቃሉን ዋጥኩት። ቄሱም ዝም መጽሐፉም ዝም ይሉ የለ? እኔም ዝም።

ከዚያ በኋላ አንድም እሑድ አልቀረሁም። ታኅሣሥ ላይ አበባ አወጣች፤ ከሰናፍጭ ፍሬ የማትበልጥ አረንጓዴ አበባ ናት፣ ሽታዋ ግን እስከ ደብሩ አጥር ይደርሳል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ዘለላው ተንጠለጠለ። እኔ የምፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ዝናብ። ሰማዩን እያየሁ ስሄድ ስንት ጊዜ ድንጋይ መታኝ። ሰማዩ ግን እንደ መስተዋት ጥርት ብሎ ከረመ። በጥቅምት የተቆረጠው ሐረግ ፍሬውን ለበጋው ፀሐይ አደረሰው፤ ሻጋታ የሚባል ሳያየው መጋቢት ላይ በሰለ። በየካቲት ብቆርጠው ኖሮ እንደ ወትሮው ዝናቡ ይጠብቀው ነበር። የዳነችው በስሕተቴ ነው። ይህን ከእኔ በቀር ማንም አያውቅም ብዬ አሰብኩ፣ ይኸው ሐሳብ ከፍርሃቱ ይልቅ አቃጠለኝ።

እማሆይ ዘለላዎቹን ሰፌድ ላይ ዘርግተው በነጠላ ሸፍነው ጣራ ላይ አደረቁት። ቄስ ይርሳው ግን ፍሬውን ትኩስ ሳለ አይተው ተጨንቀው ነበር። «ነጭ ነው። ደም ነጭ ይሆናል እንዴ፣ እማሆይ?»

«ይድረቃ! ሲደርቅ ነጭ ሆኖ የቀረ ማን አለ? እኔንስ አያዩኝም?» አሉ፣ የተጨማደደ ጥቁር እጃቸውን ዘርግተው።

ሦስት ሳምንት ቆይቶ ፍሬው ቡናማ ሆነ። ዘፍዝፈው ጨምቀው በብርጭቆ ወደ ፀሐይ አነሡት፤ እንደ ደም ቀይ ሳይሆን እንደ ጠቆረ የገብስ ቆሎ ውኃ፣ ጠርዙ ላይ ግን ቀላ ያለ። ቄስ ይርሳው ለረዥም ጊዜ አዩት። አልቀመሱትም፤ ለመሠዊያ የሚሆን አይቀመስም። በደብሩ አለቃ ፊት ቀረበ፣ ይሁን ተባለ፣ የፋሲካው ቅዳሴ በእሱ ተቀደሰ። የተሰነጣጠቀውንና ለዘቢብ የማይሆነውን እማሆይ በቅል ጠምቀውት ነበር። ጾሙ ሲፈታ አንዳንድ ዋንጫ ደረሰን፤ መልኩ እንደ ጤፍ ገለባ፣ ሽታው ያ አበባ። ጓድ ፈንታሁን ሁለት ጊዜ አስቀዳ።

«የምርት ተክል» አለ አፉን እየጠረገ። ወይኗ ተረፈች፤ የእማሆይ ቤት ግን አልተረፈም። እሳቸው መንገድ ዳር ገመዱ ላይ ሰፍረው በየቀኑ እንስራ አዝለው እየተመላለሱ ያጠጧት ነበር።

እኔ ደግሞ ሰው ሆንኩ። ፈንታሁን ቡሬ ስብሰባ ላይ አቁሞ አስጨበጨበልኝ። «ጓድ ስማቸው ራሱን በራሱ አስተምሮ…» ሲል ጣሪያውን አየሁ። የጣቢያው ኃላፊ አደረጉኝ፣ ቀጥሎም ወደ ሌላ አውራጃ ተዛወርኩ። ያንን ክብ ከቤተልሔሙ ግድግዳ ሳላወርድ ሄድኩ። አንድ የተማረ ሰው ገብቶ አይቶት «ይህን የሣለው ወር እንኳ የማያውቅ ነው» ሲል በሐሳቤ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ! መንግሥት ተለወጠ፣ መንደሩ ተበተነ፣ እማሆይ ወደ ጓሯቸው ተመልሰው እዚያው አረፉ ሲሉ ሰማሁ። ቄስ ይርሳውም አረፉ። ለሁለቱም ተዝካር አልደረስኩም። ሥራ በዛብኝ አልኩ፤ ያ ወረቀት ግን ነበር የከለከለኝ።

ከሠርጉ በማግሥቱ ሄኖክን «ሞተርህ ሁለት ሰው ይችላል?» አልኩት። ያ የሁለት ሰዓት መንገድ ዛሬ ሃያ ደቂቃ ነው፤ ግራና ቀኙ በቆሎ የታጨደበት ማሳ፣ የቆርቆሮ ቤትና ባጃጅ ነው። ዋንዛው የለም። ወይኗ ግን አለች። ደብሩ ጓሮውን አጥሮ በብረት ቧንቧ ላይ አንጋሏታል፤ የጥር አረንጓዴ ፍሬ በየዘለላው ተንጠልጥሏል። ሄኖክ ከሞተሩ ሳይወርድ አፉን ከፈተ።

«መቼ ነው የምትከረክሟት?» አለ አጥሩን ለሚጠብቀው ዲያቆን።

ዲያቆኑ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። ኩራት ኩራት እያለው መለሰ። «በጥቅምት ሁለተኛው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ። ሁለት ዓይን ብቻ ይቀራል። ከጥንት አባቶች የወረደ ሥርዓት ነው።»

«በጥቅምት? ከየት አመጣችሁት?»

«ጽሑፉ አለ። የጥንት ነው» አለና ወደ ቤተልሔሙ ገብቶ በመስታወት የተሸፈነ ወረቀት ይዞ ወጣ። ደፍ ላይ ቆሞ አሳየን። የእኔ ክብ ነው። የሳህኑ ጠርዝ፣ የማስመሪያው መስመር፣ መቀሱ። ወረቀቱ እንደ ሻይ ቀልሟል። መነጽሬን አውጥቼ ተጠጋሁ። በአሥራ ሁለተኛውና በአንደኛው ቁራጭ መካከል፣ እኔ ያላሠመርኩት ክር የሚያህል ቀጭን ቁራጭ በቀይ ቀለም ገብቷል። በካህን እጅ ጽሑፍ «ጳጉሜን» ይላል። ከሥሩም በዚያው እጅ፣ በደቃቁ «የፈረንጅ ፪ የካቲት ነው፤ የእኛ ግን በጥቅምት ጸንቷል» የሚል።

ቄስ ይርሳው መቼ እንደጻፉት አላውቅም። ምናልባት በዚያው ፋሲካ። ምናልባት እኔ ቡሬ ላይ ሲጨበጨብልኝ ጣሪያውን ሳይ፣ እሳቸው ከኋላ ቆመው እኔን እያዩ ነበር። አርባ ዓመት ከሸሸሁት ሰው ጋር ወረቀቱ ላይ ተገናኘን።

ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ዲያቆኑ ቅር አለው። «ምን አሳቀዎት፣ አባባ? የአባቶች ሥራ ነው።»

«አይክፋህ፣ ልጄ» አልኩት። «ያችን ቀዩዋን አንድ አባት ናቸው የጨመሯት፣ ቄስ ይርሳው ይባሉ ነበር። እሷ ልክ ናት።» መስታወቱን በጣቴ ነካሁ። «አሥራ ሁለቱን የሣልኩትም የሳትኩትም እኔ ነኝ።»

ሄኖክ ከሞተሩ ወረደ። እኔም ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ ወይኗ ሥር ባለችው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ከበርበሬው ጥቅል ጀምሬ ነገርኳቸው።